በኩርባው ላይ ያልወረደው ዝናብ

የፓይሊ ቀኝ እግር ማረፍ አያውቅም። ቄሱ ሲሰብኩ ከአግዳሚው ሥር ወለሉን ይረግጣል፤ ካሳቫና ዓሣ ወጥ ቀርቦለት ሲበላ ከጠረጴዛው ሥር ይረግጣል። በሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ፓላ ገበያ ሲወርድማ አይጣል ነው፤ ሹፌሩ ኩርባ በገባ ቁጥር እሱ ከኋላ ወንበር ሆኖ ፍሬን ይይዛል። ሚስቱ ትሬስያ መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ትስቅበት ነበር። በኋላ ግን ሳቁም አለቀና፣ ባሏን በምትጠራበት አጠራር «ኢቻያ፣ የሰው ጫማ ረግጠህ ልታጣላን ነው» እያለች እሷ ከሴቶቹ ጋር ከፊት መቀመጥ ጀመረች።

ሹፌር ነበር። ሹፌር ስላችሁ እንዲያው መሪ የሚያዞር ሁሉ እንዳይመስላችሁ። ከፓላ ተነስታ ቫጋሞን ተራራ ድረስ የምትወጣውን «ፑላሪ» የተባለች አውቶቡስ ሃያ ምናምን ዓመት የነዳ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ዛሬም ጎልማሶች ሻይ ቤት ሲቀመጡ የፑላሪን ክላክስ በአፋቸው ያስመስላሉ፤ የትኛው ኩርባ ላይ እንዴት ይነፋት እንደነበር ሁሉ ይከራከራሉ። ትኬት ቆራጩ ዲቫካራን ነበር። ዲቫካራን ምላሱ ስል ነው፤ ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ ካገኘ ዘር ማንዘሩን እየጠራ ሰውየው ራሱ እስኪስቅ ድረስ ያበሽቀዋል። ፓይሊ ደግሞ ከፊት ሆኖ በመስታወት እያየ ይንከተከታል። እንዲህ ሆነው ነው ያረጁት።

ከዚያ አንድ ዓመት፣ ከበጋው ሙቀት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ቁልቁል ሲወርዱ ከጎማ ዛፍ እርሻው በላይ ያለው ኩርባ ላይ ፑላሪን አዳለጣት። በጎኗ ሄዳ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ተላተመች። ተሳፋሪው በጭረትና በድንጋጤ ተረፈ። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ዲቫካራን ግን ወደቀ፤ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ዳኛው መንገዱ ነው ያዳለጠው፣ በሹፌሩ ላይ ጥፋት አላገኘሁም ብለው መዝገቡን ዘጉት። ሰዉም ፓይሊን ትከሻውን እየመታ አጽናናው። እሱ ግን አንድ ነገር ያውቃል። ኩርባው መሀል ላይ ደንግጦ ፍሬን ይዟል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ ፍሬን ራሱ ሊያንሸራትት ይችላል። ባልያዘ ኖሮስ? ዝም ብሎ መሪውን አጥብቆ ይዞ ቢለቃት ኖሮ መንገዱን ትይዝ ነበር ወይስ ያው ትንሸራተት ነበር? ይህችን ነገር ዳኛውም አልጠየቁት፣ ቄሱም አልጠየቁት። እሷ ናት ሆዱ ውስጥ ገብታ መቀመጫ ያሳጣችው። መንዳቱን እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ማለዳ ማለዳ ከጓሮው ያሉትን የጎማ ዛፎች እየጫረ ለጎማ የሚሆነውን ወተታቸውን መቅዳት ሥራው አደረገ። እጁ ሲሠራ ሐሳቡ ኩርባው ላይ ነው።

ዲቫካራን ደግሞ መገንጠያው ላይ ባለች ዛኒጋባ ሎተሪ ይሸጣል። ምላሱ እግሩን ተከትሎ አልሄደም፤ ያው እንደ ድሮው ነው። ፓይሊ በየቀኑ እሱ ዘንድ ሄዶ ጋዜጣ ያነባል። ጣሪያው ሲያፈስ ወጥቶ የደፈነለት እሱ ነው፤ ትሬስያ ዓሣ ስትሠራ በሣህን ይዞለት የሚሄደው እሱ ነው። ስለ ፖለቲካ ያወራሉ፣ ስለ ዛፍ ወተት ዋጋ ያወራሉ፣ ሰው ያማሉ። ስለዚያ ቀን ግን አንዳቸውም ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

እንዲህ እያለ ነው ባሕር ማዶ ሙስካት በነርስነት የምትሠራው የፓይሊና የትሬስያ ልጅ ሊንሲ የልጅ ልጆቹን ፊት የሚያይበት ታብሌት የላከችለት። አብሮም ጨዋታ ጭናበት ነበር፤ ኮቺ ከተማ ያሉ አምስት ወጣቶች የሠሩት «ማላዮራም» የሚሉት የአውቶቡስ ጨዋታ። «አፓቻ፣ አባቴ፣ ያንተ መንገድ እዚህ ውስጥ አለልህ» ብላ ሳቀች። ለቀልድ ነበር የላከችው። የሠራችውን ሥራ ብታውቅ ኖሮ መልሳ ታወርደው ነበር።

መንገዱ በእርግጥም አለ። ፓይሊ የመጀመሪያ ቀን ሲያየው እንባው መጣ። ሻይ ቤቶቹ አሉ፣ ከመንገድ ዳር የቆመችው ትንሽዬ ጸሎት ቤት አለች፣ የጎማ ዛፍ እርሻው አለ። ኩርባውም አለ። ወጣቶቹ እያንዳንዷን ኩርባ በሞተር ሳይክል ወጥተው ለክተዋታል፤ ለዚያስ ምስጋና ይድረሳቸው። ፓይሊ በዚያ ኩርባ ወረደ። ተመልሶ ወጣና ደግሞ ወረደ። ፍሬን ይዞ ወረደ፣ ሳይዝ ወረደ። ነገር ግን መንገዱ ደረቅ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ ምን ይታወቃል? ማንም ይወርደዋል።

እናም አንድ ቀን ሹሃይብ የሚባለው፣ ከአምስቱ አንዱና በቪዲዮ ለተጫዋቹ የሚናገረው ጸጉረ ጨብራራ ልጅ ብቅ ብሎ የምሥራች አለ። ዝናብ ልናመጣ ነው፤ መስታወቱ ላይ ጠብ ጠብ የሚል፣ ከተራራው ጭጋጉ የሚወርድ፣ ጎማውን የሚያንሸራትት ዝናብ። ማሳያም አሳየ። መቼ ነው ብለው ሲጠይቁት፣ «ትምህርት ቤት ሲከፈት!» አላቸው።

አሁን ይህን የእኛ ሰው ሆኖ ማን ይስተዋል? ቀን አልቆረጠም፣ ወር አልጠራም። እኛ አገር ትምህርት ቤት ሲከፈትና ክረምቱ ሲገባ አብረው ነው፤ አዲስ ዩኒፎርም ለብሶ በስብሶ ያልገባ ልጅ የለም። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ቃሉን የሰማው «ሰማዩ ሲዘንብ የእኛም ይዘንባል» ብሎ ነው። ሰማይ ደግሞ የማንንም ቃል አይጠብቅም። በዚያ ዓመት ልጆቹ ገና ቦርሳ ሳይገዛላቸው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ድንገት ገለበጠው። ፓይሊ ከጓሮ የወተት መቅጃውን እንደያዘ እየሮጠ ገባና ታብሌቱን ከፈተ። ማላዮራም ውስጥ ፀሐይ ቦግ ብላለች።

ትምህርት ቤትም ተከፈተ፤ የለም። ሹሃይብ ይቅርታ ጠይቆ የኦናም በዓል ስጦታ ይሁንላችሁ አለ። ኦናም አልፎ ለገና አለ። ገናም አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው። ተጫዋቹ ተበሳጨ፤ ከሰሜን ካሳራጎድ እስከ ደቡብ ትሪቫንድረም ያለው ሁሉ ተማክሮ ለወጣቶቹ ቢሮ በፖስታ ቤት ጃንጥላ ይልክ ጀመር። «ዝናቡ እስኪመጣ እናንተ ተጠለሉበት» የሚል ወረቀት እየተለጠፈበት ስንት ጃንጥላ! ሹሃይብ በቪዲዮ ክምሩን እያሳየ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ሻይ ቤቱ ደግሞ በፓይሊ እየሳቀ ጥርሱን አይከድንም ነበር። በሽበቱ የልጅ ጨዋታ ደጅ ይጠናል አሉት። ዲቫካራን እንኳ አልማረውም። «የእኔ ሎተሪ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል። ያንተው ዕጣ መቼ ነው የሚወጣው?» አለው። ፓይሊ ከሰው ጋር አብሮ ሳቀ። ሌላው ዝናቡን ለጌጥ ይፈልገዋል፤ እሱ የሚፈልገው መልስ ነው። ዕድሜው እየሄደ ነው፤ ሳያውቀው መሞት ፈራ።

እግሩ ወለሉን እየደበደበ ሌሊቱን ሙሉ ስላላስተኛት ትሬስያ ራሷ፣ «በል ሂድና ልጆቹን አነጋግራቸው፣ ወይ ይገላግሉህ» አለችው። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ኮቺ ወረደ።

ቢሮ ቢሮ ሲሉት የሰማው ከሞባይል መጠገኛ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጃንጥላዎቹ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ሹሃይብን በቪዲዮ ከሚታየው ይልቅ ከስቶ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ አገኘው። ልጁ ጃንጥላ ይዞ የመጣ ሌላ ተሳዳቢ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አዛውንት ሲያይ ደንግጦ ወንበር ሳበለት፣ ሻይና የሙዝ ጥብስ አስመጣለት። ፓይሊ ልመናውን ነገረው። ጭጋግም አልፈልግ፣ ጠብታም አልፈልግ፣ መንገዱን ብቻ አርጥቡልኝ አለው።

«ለምን ቼታ?» አለው ሹሃይብ። እንደ ታላቅ ወንድም ነው የጠራው።

ፓይሊም ለዳኛው ያልተናገረውን፣ ለሚስቱ ያልተናገረውን፣ ለዚያ በቪዲዮ እንጂ በአካል ለማያውቀው ልጅ ተናገረው። ኩርባውን፣ ፍሬኑን፣ የዲቫካራንን እግር። ሲጨርስ ሻዩ ቀዝቅዟል። ሹሃይብ ወንበሩን ጠጋ አደረገና፣ «መንገዱም ይረጥባል። ለሌላው ሰው ብዋሽ ላንተ አልዋሽም፤ ቃሌ ነው» አለው።

ይህን ሲል አጠገቡ የተቀመጠችው ባልደረባው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፓይሊ አይቷታል። አይቶ እንዳላየ ሆነ። ምን ያድርግ? የጠማው ሰው የቀረበለትን ውሃ አጣርቶ አይጠጣም።

የጨዋታው ዝናብ በሚቀጥለው ክረምት መሀል መጣ። የእውነቱ ዝናብ ለሳምንታት ሲወርድ፣ ቅጠሉ ሁሉ ሲበሰብስ፣ ዛፍ መጫር ቀርቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ተከቶ በነበረበት ሰሞን፣ ሊንሲ ከሙስካት ደውላ «አፓቻ፣ መጣ፣ አሁኑኑ ክፈተው!» አለችው። ፓይሊ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ታብሌቱን ከፈተ።

ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር። ጭጋጉ ከተራራው ላይ እንደ ነጠላ ይወርዳል። ጠብታው መስታወቱ ላይ ተንከባሎ መጥረጊያው ሲመጣ ይበተናል። አስፋልቱ ያብረቀርቃል። የሸክላ ጣሪያዎቹ ላይ ሲወርድ ድምፁ እንኳ ከበረንዳው ውጭ ካለው ጋር ተደባልቆ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ትሬስያ ከኋላው ቆማ አየችና አፏን ያዘች።

ፓይሊ ወደ ኩርባው ወረደ። ያን ቀን በነበረው ፍጥነት ገባ፣ ፍሬን ያዘ። አውቶቡሷ ቀጥ ብላ አለፈች። ተመልሶ ወጣና ፍሬን ሳይዝ ወረደ፤ አለፈች። እንግዲያው ፍሬን ቢይዝም ባይዝም ታልፍ ነበር ማለት ነው? ጠርጠር አለ። አሁን እንደ እብድ እየበረረ ገባና ኩርባው መሀል ላይ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠው። በእውነተኛው መንገድ ቢሆን የማንም አውቶቡስ ገደል ይገባ ነበር። እሷ ግን እንደ በግ ቀጥ ብላ ቆመች።

ያን ጊዜ ገባው። ዝናቡ መንገዱን አይነካውም። ለዓይን ብቻ የተቀባ ዝናብ ነው፤ ከሥሩ ያለው ያው የበጋው ደረቅ መንገድ ነው።

ለሹሃይብ ደወለለት። ልጁ ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ ከወዲሁ ተሰብሯል። ማንሸራተቱን ሠርተነው ነበር አለ። ስንሞክረው ግን ተጫዋቹ ሁሉ በየኩርባው ገደል ገባ፣ ተሳደበ፣ ርካሽ ስልኮች ደግሞ ሥራቸውን አቆሙ፤ የቀሩት አራቱ ማንሸራተቱን እናንሳው አሉ፣ እኔም ተሸነፍኩ፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ግን ብሎ ሲጀምር ፓይሊ፣ «ተወው ልጄ» ብሎ ዘጋው።

ንዴት ብቻ አልነበረም የተሰማው፤ አፈረ። በዚህ ዕድሜው አምስት ልጆች ከክፍል ውስጥ የሚያወጡለትን ፍርድ ሲጠብቅ መክረሙ አሳፈረው። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። በረንዳውን ወዲያ ወዲህ አለበት። ትሬስያ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚህ መሀል ዲቫካራን በክራንቹ እያነከሰ፣ ጃንጥላውን በአንገቱና በትከሻው መካከል ቀርቅሮ፣ በጭቃው ውስጥ መጣ። በክረምት ከዛኒጋባው ወጥቶ ሰው ቤት መጥቶ አያውቅም። ሽርጡን ጨምቆ፣ እያለከለከ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ሻይ ቤት ዝናብህ መጣ ብለው ነገሩኝ። እስቲ ውሰደኝ» አለ።

«የት?»

«ወደ ኩርባው ነዋ። ሌላ የት ትወስደኛለህ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ኩርባ ከአፉ ሲያወጣት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ፓይሊ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ታብሌቱን በሁለቱም መካከል አድርጎ ነዳ። ጸሎት ቤቷን አለፉ፣ የጎማ ዛፎቹ መጡ፣ ኩርባው መጣ፤ ፓይሊ ሳይታወቀው ፍሬን ያዘ። አለፉ። ዲቫካራን በረጅሙ ተነፈሰና ቀጥል አለው። ያኔ ሳይደርሱበት የቀሩት መናኸሪያ ገብተው ቆሙ።

«መንገዱ ግን ደረቅ ነው አይደል?» አለ ዲቫካራን።

«ደረቅ ነው» አለ ፓይሊ። «ምን ብታደርጋት አትንሸራተትም። አታለሉኝ።»

«ያኔ ፍሬን ይዘሃል።»

ፓይሊ ቀና ብሎ አየው።

«በሩ ላይ ነበርኩ እኮ! ጎማ ሲጮህ የማልሰማ ደንቆሮ መሰልኩህ? ይዘሃል። ባትይዝ ምን ይሆን እንደነበር እኔ አላውቅም፣ እነዚያም ልጆች አያውቁም፣ ይሄ ዕቃም አያውቅም።» ክራንቹን ከእጅ እጅ አቀያየረ። «ግን ፓይሊ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ፍሬኑ ስትጨነቅ አይሃለሁ። ስለ እግሬ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ፓይሊ ያደረገለትን ሁሉ በልቡ ቆጠረ። ጣሪያውን ደፍኖለታል። ዓሣ አመላልሶለታል። ጋዜጣ አንብቦለታል። አልጠየቀውም፤ አንድም ቀን። ካፈረውም ሁሉ ይኼኛው በለጠ።

«ያምሃል?» አለው።

«የቀረውማ ደህና ነው። የሌለው ነው የሚያመኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ገና ከዋዜማው ይጀምረኛል። ጣቶቼ ይጨመደዳሉ፣ ሰው የሚጠመዝዛቸው ይመስለኛል። ለሐኪም ብነግረው የሌለ ጣት አያምም አለኝ። ለማን ልናገር?»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ከጠዋት ጀምሮ አላስቀመጠኝም።»

ፓይሊ ታብሌቱን ደፍቶ አስቀመጠውና ከአግዳሚው ወርዶ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጢጥ አለ።

«የቱ ጋ ነው?»

ዲቫካራን ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ሰውየው የምሩን እንደሚጠብቅ ሲያይ ግን ተወው፤ ከታጠፈው ሽርጡ በታች፣ ምንም ወደሌለበት ባዶ ቦታ በጣቱ ጠቆመ። ፓይሊ እጁን ወደዚያው ላከ።

«እዚህ?»

«ትንሽ ዝቅ» አለው ዲቫካራን።